የግሪክ አማልክትን ለልጄ በአማርኛ እንዴት ልንገራት?

እናት ከሚኒሶታ | ሰኞ ማታ

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የጥንት ግሪኮችን ጀምረዋል። ትናንት ከሥራ ስገባ ፍሪጁ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የአማልክቱ የዘር ሐረግ ነው፤ በእርሳስ ሠርታ ቀለም ቀብታዋለች። ከላይ በኩል አንድ ጢማም ሰውዬ ሕፃን ልጅ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ይታያል። «እማ፣ ይሄ ሰውዬ ልጆቹን ለምን እንደሚውጥ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላወቅሁም።

በእንግሊዝኛ ራሷ ማንበብ ትችላለች። እኔ ግን በአማርኛ ልነግራት እፈልጋለሁ፤ የልጄ አንደበት በአማርኛ የሚፈታው ተረት ስንጫወት ብቻ ነው። ማታ ማታ ሳበጥራት ነው የምናወራው። ከየት ልጀምር? ስማቸውስ በእኛ አፍ እንዴት ይባላል? የምታውቁ እባካችሁ።


የጥንት ወዳጅ | ሰኞ ማታ

እህቴ፣ ልጅሽ የጠየቀችሽ ጥያቄ የነገሩ ሁሉ በር ነው። ብዙ ሰው የግሪክን አማልክት ሲያስተምር «ይሄ የባሕር፣ ይሄ የጦርነት» እያለ ስም ያስደረድራል። ልጆቹ ይሸመድዱታል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሱታል። አንቺ ከዋጪው አባት ጀምሪላት።

ታሪኩን በቅደም ተከተል ያቆየልን ሄሲዮድ የሚባል ባለ ቅኔ ነው። በ700 ቅ.ል.ክ. አካባቢ በቦይኦቲያ አገር፣ በሄሊኮን ተራራ ግርጌ የኖረ ሰው ነው። በጎች ሲያግድ የቅኔ አማልክት ሙሳዎች መጥተው ዜማውን እንዳስተማሩት ራሱ ይናገራል። የአማልክቱን ትውልድ ከ1,000 በሚበልጡ ስንኞች ደርድሮታል።

እንዲህ ይላል ነገሩ። መጀመሪያ ካኦስ ሆነ። ቃሉ ዛሬ ትርምስ ማለት ሆኗል እንጂ በጥንቱ ግሪክኛ አፉን የከፈተ ገደል፣ ባዶ ክፍተት ማለት ነው። ከዚያ ጋይያ መጣች፣ ምድር ማለት ናት። ምድር ያለ ባል ሰማይን ወለደች፤ ስሙ ኡራኖስ ነው። ከዚያ ሰማይና ምድር ተጋብተው ቲታኖች የሚባሉትን አሥራ ሁለት ልጆች ወለዱ። ልብ በይ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ዓለምን የፈጠረ አምላክ የለም። አማልክቱ ራሳቸው ዓለም ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ልጅሽ ይህን ከያዘች ሌላው ሁሉ ቀላል ነው፤ ለምን እንደሚቀኑ፣ ለምን እንደሚዋሹ፣ ለምን እንደሚፈሩ ይገባታል።

ኡራኖስ ልጆቹን ጠላ። ሲወለዱ እዚያው እናታቸው ሆድ ውስጥ መልሶ ይሸሽጋቸው ጀመር። ምድር ተጨንቃ አቃሰተች። በመጨረሻ ማጭድ ሠራችና «ማን ይደፍራል?» ብላ ልጆቿን ጠየቀች። ሁሉም ሲፈሩ የመጨረሻው ልጅ ክሮኖስ ተነሣ፤ አድብቶ አባቱን በማጭዱ ቆረጠው። ሰማይ ከምድር ላይ ተነሥቶ ራቀ፤ ክሮኖስም ነገሠ።

አሁን ወደ ልጅሽ ሥዕል ደረስን። ክሮኖስ «አንተንም የገዛ ልጅህ ይጥልሃል» የሚል ቃል ሰምቷል። አባቱ ልጆቹን እናታቸው ሆድ ውስጥ ሸሸገ፤ እሱ ደግሞ በገዛ ሆዱ ውስጥ ሸሸገ። ሄስቲያን፣ ዴሜቴርን፣ ሄራን፣ ሃዴስን፣ ፖሴይዶንን በተወለዱ ቁጥር ዋጣቸው። ሚስቱ ሬያ ስድስተኛውን ስታረግዝ ግን አልቻለችም። ወደ ቀርጤስ ደሴት ሄዳ ዜውስን በስውር ወለደች፤ ለባሏ ደግሞ ድንጋይ በሕፃን መጠቅለያ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ሳያይ ዋጠው።

ዜውስ አድጎ መጣ፤ ክሮኖስ የዋጠውን ሁሉ ተፋ። መጀመሪያ የወጣው ያ ድንጋይ ነው፣ መጨረሻ የገባው እሱ ነበርና። ድንጋዩ ዴልፊ በተባለው ቅዱስ ስፍራ ተቀመጠ። ፓውሳኒያስ የሚባል መንገደኛ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ዴልፊ ሄዶ «ይህ ነው» የተባለውን ድንጋይ አይቷል፤ ትልቅ አይደለም፣ በየቀኑ ዘይት ያፈሱበታል፣ በበዓል ቀን ደግሞ ያልተፈተለ የበግ ጠጉር ያደርጉበታል ብሎ ጽፏል። እኔ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ነው።

ልጅሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂያት፦ ዜውስ ሲነግሥ ፍርሃቱ አለቀ? አላለቀም። የመጀመሪያ ሚስቱ ሜቲስ፣ ትርጉሙ ብልሃት ማለት ነው፣ ከእሱ የሚበረታ ልጅ ትወልዳለች ሲባል እናቲቱን ከነፅንሷ ዋጣት። አቴና ከዜውስ ራስ የወጣችው በዚህ ምክንያት ነው። አያትም አባትም ልጅም ያው አንድ ፍርሃት ይዟቸዋል። ልዩነቱ ዜውስ የዋጠው ብልሃትን መሆኑ ነው፤ ከውስጥ ሆና ክፉና ደጉን ትመክረዋለች።


አዲስ አንባቢ | ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ኦሊምፖስ በሚባለው ተራራ ይኖራሉ የሚባሉት አሥራ ሁለቱ ዋና አማልክት እነማን ናቸው? እኔም የምከታተለው ጌም ላይ ስማቸው ይጠራል፤ ሃዴስ ክፉው ተደርጎ ነው የሚታየው። የእነሱ ሰይጣን ነው?


የጥንት ወዳጅ | ማክሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ ባጭሩ ልበልህ። ዜውስ የሰማይና የመብረቅ ጌታ፤ ሄራ ሚስቱና እህቱ፣ የጋብቻ ጠባቂ፤ ፖሴይዶን የባሕርና የምድር መንቀጥቀጥ፤ ዴሜቴር የእህል፤ አቴና የብልሃት፣ የሽመናና የጦር ስልት፤ አፖሎ የዜማ፣ የትንቢትና የመቅሠፍት፤ መንትያ እህቱ አርጤምስ የአደንና የዱር፤ አሬስ የጦርነት፤ አፍሮዲቴ የፍቅር፤ ሄፋይስቶስ የአንጥረኞች፤ ሄርሜስ የመልእክት፣ የንግድና የመንገድ። እነዚህ አሥራ አንድ ናቸው። በአሥራ ሁለተኛው ላይ ጥንታውያኑም አይስማሙም፤ አንዳንዱ የምድጃዋን ሄስቲያን፣ ሌላው የወይኑን ዲዮኒሶስን ይቆጥራል። አቴንስ ባለው ፓርቴኖን ቤተ መቅደስ ላይ ከተቀረጹት ከተቀመጡት አማልክት መካከል ዲዮኒሶስ አለ፣ ሄስቲያ የለችም። አንድ የጸደቀ መጽሐፍ ስላልነበራቸው ነው፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ይተርክ ነበር። ስለዚህ ሁለት መጽሐፍ ሲጋጭብህ አንዱ ተሳስቷል አትበል።

ሄስቲያን ግን አትናቃት። በኩር ናት፤ መጀመሪያ ተዋጠች፣ መጨረሻ ተተፋች። ስለዚህ ታላቅም ታናሽም ናት ይሏታል። ጠብ ውስጥ ስለማትገባ ታሪክ የላትም፤ ነገር ግን በየቤቱ ምድጃ ላይ መሥዋዕት ሲቀርብ ስሟ መጀመሪያ ይጠራ ነበር።

ሃዴስ ሰይጣን አይደለም። ሦስቱ ወንድማማቾች ዕጣ ተጣጣሉ፤ ለዜውስ ሰማይ፣ ለፖሴይዶን ባሕር፣ ለሃዴስ የሙታን አገር ደረሰው፤ ምድርና ኦሊምፖስ የጋራ ሆኑ። ሃዴስ ጨካኝ ነው፣ የወሰደውን አይመልስም፤ ግን ሰውን ለኃጢአት የሚፈትን አይደለም። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲኦል የሚለው ቦታ በግሪክኛው አዲስ ኪዳን ሃዴስ ነው የሚባለው። የባለቤቱ ስም የቦታው ስም ሆኖ ቀረ።


አቴንስ የኖርኩ | ማክሰኞ ከሰዓት

ሰላም ቤተሰብ። እኔ አቴንስ ዘጠኝ ዓመት ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አንዲት አሮጊት ነበር የምጠብቀው። አማልክቱን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከወጥ ቤት ነው።

መጀመሪያ ወር ሱቅ ስትልከኝ «ዲሚትሪያካ» አምጪ አለችኝ። ሄጄ ሳይ ለቁርስ በወተት የሚበላው የእህል ካርቶን ነው። «ዲሚትሪያካ» ማለት የዴሜቴር ማለት ነው፤ እህል ሁሉ በእሷ ስም ይጠራል። ሌላ ቀን ቴሌቪዥን ላይ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አየንና «ኢፌስቲዮ» አለች፤ ሄፋይስቶስ ማለት ነው፣ የአንጥረኛው ስም። ሰማይ ደግሞ ዛሬም «ኡራኖስ» ነው። ጠዋት መስኮት ስትከፍት «ኡራኖስ ዛሬ ጠርቷል» ትላለች። ኦርቶዶክስ ናት፣ በየእሁዱ ቅዳሴ አትቀርም፤ ግን የድሮዎቹ ስም ከአፏ አይጠፋም።

በዕረፍቴ ቀን አክሮፖሊስ የሚባለው የጥንት ቤተ መቅደሶች ያሉበት ኮረብታ እወጣ ነበር። ሰው ሁሉ ፓርቴኖንን ፎቶ ያነሣል። እኔ ከዚያ ማዶ ኤሬክቴዮን ከሚባለው ቤተ መቅደስ ጎን ወዳለችው ወይራ ነበር የምሄደው። የዛፏ ታሪክ እንዲህ ነው። ፖሴይዶንና አቴና ከተማዪቱ የማን ትሁን ብለው ተከራከሩ። ፖሴይዶን ዓለቱን በሦስት ጣት ጦሩ ወጋና የጨው ውኃ አፈለቀ። አቴና ወይራ ተከለች። ዘይት፣ እንጨት፣ ምግብ። ለእሷ ፈረዱላትና ከተማዋ በስሟ ተጠራች። በ480 ቅ.ል.ክ. ፋርሶች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ወይራዋም ነደደች፤ በማግሥቱ ግን ሰዎች ሊሠዉ ሲወጡ ከጉቶው አንድ ክንድ የሚያህል ለምለም ቡቃያ ወጥቶ አገኙ ብሎ የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ጽፏል። ዛሬ ያለችው በቅርብ ዘመን የተተከለች ናት። ቢሆንም ጥላዋ ሥር ስቆም የተቃጠለችው ትዝ ትለኝ ነበር። ሰው አገር ሆኜ ያችን ቡቃያ እወዳት ነበር።

የሚኒሶታዋ እህቴ፣ ለሴት ልጅ ከሆነ ግን የዴሜቴርን ንገሪያት። ከሁሉ በላይ የእናት ታሪክ ነው። ልጇ ፔርሴፎኔ ሜዳ ላይ አበባ ስትለቅም ምድር ተከፈተችና ሃዴስ በሠረገላ ወሰዳት። እናት ጩኸቷን ሰማች እንጂ አላየችም። ዘጠኝ ቀን ችቦ ይዛ፣ ሳትበላ፣ ሳትታጠብ ፈለገቻት። ሁሉን የሚያይ ፀሐይ ማን እንደወሰዳት ነገራት፤ ዜውስ ራሱ ፈቅዶ ነው አላት። የገዛ አባቷ።

ያኔ ዴሜቴር አማልክቱን ትታ እንደ አሮጊት ተመስላ ኤሌውሲስ ደረሰች። ውኃ ጉድጓድ አጠገብ በወይራ ጥላ ተቀመጠች። የንጉሡ ልጆች እንስራ ይዘው ውኃ ሊቀዱ መጥተው «እማማ፣ ከየት ነሽ?» አሏት። ቤታቸው ወስደው ሞግዚት አደረጓት። እኔን ይህ ነካኝ። አምላክ ናት፤ ልጇን አጥታ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። እኔም የሰው እናት እያጠብኩ የራሴን እናት በስልክ ነበር የማያት።

ሕፃኑን የማይሞት ልታደርገው በሌሊት እሳት ውስጥ ታስተኛው ነበር። እናቱ አንድ ሌሊት አይታ ጮኸች፤ ሥራው ተበላሸ። ዴሜቴር ተቆጥታ ማንነቷን ገለጠች፣ ቤተ መቅደስ አሠራችና ገብታ ተቀመጠች። እህል ከምድር ቀረ። በሬ ባዶ እርፍ ጎተተ። ሰው ሊያልቅ፣ ለአማልክቱም መሥዋዕት ሊቋረጥ ሲል ዜውስ ልጅቷ ትመለስ አለ። ሃዴስ እሺ አለ፤ ግን ከመሄዷ በፊት የሮማን ፍሬ አበላት። የሙታንን አገር እህል የቀመሰ ደግሞ ጨርሶ አይወጣም። ስለዚህ ከዓመቱ ሲሶውን እዚያ፣ ቀሪውን ከእናቷ ጋር ሆነች። አብረው ሲሆኑ ምድር ታብባለች።

ኤሌውሲስ ከአቴንስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአውቶቡስ ሄጃለሁ። ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ነው፤ ፍርስራሹ መካከል የጥንቱ የውኃ ጉድጓድ አለ። እዚያ ለብዙ መቶ ዓመታት፣ እስከ 4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ምሥጢራዊ በዓል ይደረግ ነበር። የገባ ሰው ያየውን ቢያወጣ በሞት ይቀጣል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ምሥጢሩ አልወጣም።


የሰንበት ተማሪ | ማክሰኞ ማታ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በክፉ እንዳታዩብኝ። ሰማዕታት ለእነዚህ ጣዖታት አንሰግድም ብለው ደማቸውን አፍስሰዋል። ለሕፃን ልጅ እንደ ተረት ማጫወት ልቧን አያላላውም? ከልቤ ነው የምጠይቀው።


የግዕዝ ተማሪ | ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ሳልቆጣ የምመልስልህም ራሴን ጠይቄው ስለማውቅ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን አውጣ። ጳውሎስና በርናባስ ልስጥራን ላይ ሽባውን ሲያስነሡ ሕዝቡ «አማልክት ሰዎችን መስለው ወረዱ» አለ። በርናባስን «ድያ»፣ ጳውሎስን «ሄርሜን» አሏቸው። ድያ ማን ነው? ዜውስ ነው። ግሪክኛው «ዜውስን» ለማለት ሲፈልግ ቃሉ ተለውጦ «ዲያ» ይሆናል፤ ተርጓሚዎቻችን እንዳለ ወሰዱት። በየቤታችን መጽሐፍ ውስጥ ዜውስ ሌላ ስም ለብሶ ተቀምጧል፤ አናውቀውም እንጂ። ጳውሎስ ሄርሜስ የተባለው ተናጋሪው እሱ ስለነበረ ነው፤ ሄርሜስ የአማልክቱ አፍ ነውና። የሄርሜስን ሥራ ያላወቀ ያን ቁጥር እንዴት ይረዳዋል? ምዕራፍ 19 ላይ ኤፌሶን የጮኸችላት አርጤምስ፣ ምዕራፍ 17 ላይ ጳውሎስ የቆመበት አርዮስፋጎስ፣ የአሬስ ኮረብታ ማለት ነው፣ ሁሉም እዚሁ ናቸው። እዚያው ኮረብታ ላይ «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነን» ብሎ የጠቀሰው ቃል አራጦስ ከተባለ ግሪካዊ ባለ ቅኔ የተወሰደ ነው፤ ባለ ቅኔው የተናገረው ስለ ዜውስ ነበር። ሐዋርያው አንብቦታል ማለት ነው።

ቅዱስ ባስልዮስም ለወጣቶች ስለ ግሪክ መጻሕፍት ሲመክር ንብን ምሳሌ አድርጓል። ንብ ሁሉም አበባ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም የሚበጃትን ወስዳ ሌላውን ትተዋለች።

የእኛም ቤት ንጹሕ አልነበረም። አክሱም ላይ የንጉሥ ዒዛና ሐውልት ድንጋይ በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ ተጽፎበታል። ከመጠመቁ በፊት ነው። ግእዙ «የማይሸነፈው የማኅረም ልጅ» ሲል ግሪክኛው «የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ» ይላል። የራሱን የጦር አምላክ ለግሪክ አንባቢ ሲያስተዋውቅ አሬስ ብሎ ተረጎመው። አዱሊስ ወደብ ላይም አንድ የአክሱም ንጉሥ ያቆመው የድንጋይ ዙፋን ነበር፤ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፉን ገልብጦታል። ንጉሡ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሴይዶን መሥዋዕት እንዳቀረበ ይናገራል። ዒዛና ኋላ ምን እንደተወ ለማወቅ በፊት ምን እንደነበረው ማወቅ አለብን።


የሰንበት ተማሪ | ማክሰኞ ማታ

ድያን ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ። አሁን መጽሐፉን ከፍቼ እያየሁት ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።


አዲስ አንባቢ | ረቡዕ ጠዋት

እኔ ደግሞ የጥንቱ ግሪካዊ ባለ ቅኔ ሆሜር ላይ ዜውስ ኢትዮጵያ መጥቶ ግብር በላ የሚል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?


የጥንት ወዳጅ | ረቡዕ ጠዋት

ተጽፏል። ኢሊያድ በሚባለው የትሮይ ጦርነት ግጥሙ መጀመሪያ ላይ ጀግናው አኪሌስ ተበድሎ እናቱ ወደ ዜውስ ልትማልድለት ስትል ዜውስ የለም። «ነውር ወደሌለባቸው ኢትዮጵያውያን» ግብዣ ሄዷል፤ አማልክቱም ተከትለውታል፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይመለሳል። ኦዲሲ በሚባለው ሌላው ግጥሙ ላይም ጀግናው ኦዴሴዎስ ወደ አገሩ እንዲገባ የተፈረደው ጠላቱ ፖሴይዶን ኢትዮጵያውያን ዘንድ በሬና በግ ታርዶለት ሲጋበዝ ነው። ትሮይን ሊረዳ የመጣው ሜምኖንም የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፣ የንጋት አምላክ ልጅ ነው። አኪሌስ ገደለው፤ የጠዋት ጤዛ እናቱ የምታለቅሰው እንባ ነው ይላሉ።

ግን በደስታ ብቻ እንዳንወስደው። ቃሉ በግሪክኛ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ማለት ነው። ሆሜር ዘንድ ኢትዮጵያውያን በዓለም ዳር፣ አንዱ ወገን ፀሐይ በምትወጣበት ሌላው በምትገባበት የሚኖሩ ናቸው። ሄሮዶቱስ ጋ ሲደርስ ከግብፅ በስተ ደቡብ፣ ከተማቸው ሜሮዌ የሆነ ሕዝብ ናቸው። የዛሬ ካርታችንን በላዩ ብንዘረጋበት ሆሜርንም ሜሮዌንም እንበድላለን። ለእኔ የሚያስደንቀው ሌላው ነው። በግጥሙ ውስጥ አማልክቱ ሰው መሐል የሚወርዱት አብዛኛውን ጊዜ ሊያዋጉ ወይም ሊቀጡ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያውያን ግን ማዕድ ሊቋደሱ ይሄዳሉ።


እናት ከሚኒሶታ | እሑድ ማታ

ሁላችሁንም አንብቤያችኋለሁ፤ የማታውን ፈረቃ እረፍት ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ዛሬ ሮማን ገዛሁ። ከቅዳሴ መልስ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን፣ እኔ እየፈለፈልኩ የዴሜቴርን ነገርኳት። «እርፍ» ምንድን ነው አለችኝ፤ በማንኪያና በሹካ ሠርቼ አሳየኋት። «ሲሶ» ምንድን ነው አለችኝ፤ ፍሬዎቹን ሳህን ላይ ሦስት ቦታ ከፈልኳቸው። አንዱን ክምር ወደ ራሷ ሳበችና «ስንት ፍሬ ነው የበላችው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ደግሞ ዝም ብላ ቆይታ «እናትየው ስትጠብቅ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። ለሁለተኛው ራሴ መለስኩላት። የመጀመሪያውን እናንተ ንገሩኝ።

አሁን የዘር ሐረጉን በአማርኛ ልትጽፍ ተነሥታለች። ዜውስ ሥር «ድያ» ብላ ጨምራለች። ፔርሴፎኔ ግን በሳጥኗ አልገባ ብላታለች።


አቴንስ የኖርኩ | እሑድ ማታ

እሰይ የኔ እመቤት! በጥንቱ የዴሜቴር መዝሙር አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ኋላ ሮማዊው ባለ ቅኔ ኦቪድ ሲተርከው ሰባት አድርጎታል፤ ቆይታዋም ግማሽ ዓመት ሆኗል። የፈለገችውን ትምረጥ።

ሳጥኑ ከጠበባት «ኮሬ» ብላ ትጻፍ። ያም ስሟ ነው። ልጃገረዲቱ ማለት ነው።